መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የኤስኤስኤች ታነሉ አይመለስም፤ ሰርቪሱ ግን «አክቲቭ» ይላል

የጣና ንፋስ

ሰላም ለቤቱ። ዘጌ ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ የውሃውን ከፍታ በየ10 ደቂቃው ከሴንሰር እያነበበች የምትመዘግብ ራዝበሪ ፓይ 4 (ትንሽ ኮምፒውተር) አለች። ኢንተርኔት የምታገኘው በሲም ካርድ ከሚሠራ የ4ጂ ራውተር ነው። ራውተሩ የሚሰጠው አድራሻ በ100.64 እና በ100.127 መካከል ስለሆነ ከውጭ በቀጥታ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ፓይዋ ራሷ ወደተከራየሁት ሰርቨር (ዲቢያን 12) በኤስኤስኤች (ሩቅ ያለ ማሽን ውስጥ በተመሰጠረ መስመር መግቢያ) ግልባጭ ታነል ትገናኛለች፣ መስመሩን ከውስጥ የምትከፍተው እሷ ናት፤ እኔ ከባሕር ዳር በሰርቨሩ በኩል እገባባታለሁ።

በሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን በሚያስነሳውና በሚጠብቀው) የሚነሳው ኮማንድ ይሄ ነው። ከስልክ ስለምጽፍ በእኛው ፊደል አስፍሬዋለሁ፤ የሴቲንግ ስሞች ፋይል ውስጥ ሲገቡ ክፍተት እንደሌላቸው ታውቃላችሁ።

ኤስኤስኤች -ትልቁ ኤን -ትልቁ አር 22022:ሎካልሆስት:22 ታነል@ሰርቨር

ሰርቪሱ ላይ «ሪስታርት=ኦልዌይስ» ብያለሁ። መብራት እስካለ ድረስ ምንም አይለውም። መብራት ድርግም ብሎ ሲመለስ ግን ፓይዋ ትነሳለች፣ ንባቡም ይቀጥላል፣ በሰርቨሩ ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) 22022 ስገባ ግን ይንጠለጠልና «ኮኔክሽን ታይምድ አውት ዱሪንግ ባነር ኤክስቼንጅ» ይላል። ቆይቼ ስሞክር ደግሞ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ፓይዋ ጠፍታ እስክትነሳ ድረስ ያው ነው። እዚያ ያለ ሰው ስክሪን ሰክቶ ሲያይ ሰርቪሱ «አክቲቭ ራኒንግ» ነው። ሎጉ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ብቻ ናት፦

ወርኒንግ፦ ሪሞት ፖርት ፎርዋርዲንግ ፌልድ ፎር ሊስን ፖርት 22022

ራውተሩ ነው? ኔትወርኩ ነው? ወይስ ኮማንዱ? አውቶኤስኤስኤች ልጫንበት ወይስ ጭራሽ ወደ ዋየርጋርድ (ሌላ ዓይነት የተመሰጠረ ታነል) ልዙር? በተቋረጠ ቁጥር ጀልባ መያዝ አያዋጣም።

---

ዓባይ ሼል

ራውተሩንም ኔትወርኩንም ተዋቸው። ያቺ ማስጠንቀቂያ ነገሩን ጨርሳዋለች፦ ፖርቱን የያዘብህ የራስህ የቀድሞ ኮኔክሽን ነው፣ ሞቶ ያልተቀበረው።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ፓይዋ ኮኔክሽኑን ዘግታ አትሄድም። ሰርቨሩ የመዝጊያ መልእክት አልደረሰውም፣ እሱም የሚልከው ነገር የለውም፤ ስለዚህ ከማዶ ያለው መሞቱን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ኤስኤስኤችዲ (ሰርቨሩ ላይ ኤስኤስኤችን የሚቀበለው ፕሮግራም) ላይ «ቲሲፒ ኪፕ አላይቭ» (ከማዶ ያለው በሕይወት መኖሩን የሚፈትሸው) በዲፎልት በርቶ ይመጣል፤ ችግሩ ሊኑክስ ከርነል የመጀመሪያዋን መፈተሻ የሚልከው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ በ75 ሰከንድ ልዩነት 9 ጊዜ ሞክሮ ነው የሚተወው። ሲደመር 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ። ይህ ሁሉ ሲሆን 22022ን ይዞ የተቀመጠው የሞተው ሴሽን ነው። ስትገባ ሰርቨሩ በሩን ይከፍትልሃል፣ ውስጥ መልስ የሚሰጥ ግን የለም። ባነር ላይ የሚንጠለጠለው ለዚህ ነው።

በዚህ መሃል ፓይዋ ተነስታ አዲስ ኮኔክሽን ትከፍታለች። መግባቱ ይሳካላታል፣ ፖርቱን መያዝ ግን አይሳካም። ኤስኤስኤች ይህን በዲፎልት እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ አንዲት ማስጠንቀቂያ ይጽፍና ዝም ብሎ ይቀመጣል። ፕሮሰሱ ስላልሞተ ለሲስተምዲ ሁሉም ሰላም ነው። በኋላ አሮጌው ሴሽን ሲጸዳ ፖርቱ ባዶ ይሆናል፣ አዲሱ ግን ተመልሶ አይጠይቅም። «ሪፊውዝድ» የምታየው ያኔ ነው።

ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ነው መንካት ያለብህ። ሰርቨሩ ላይ፣ በኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ ፋይል መጨረሻ፦

ማች ዩዘር ታነል
ክላየንት አላይቭ ኢንተርቫል 30
ክላየንት አላይቭ ካውንት ማክስ 3

መጨረሻ ላይ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ«ማች» በታች ያለ ነገር ሁሉ ሌላ «ማች» እስኪመጣ ድረስ ለዚያ ዩዘር ብቻ ነው የሚሠራው፤ መሃል ላይ ከከተትከው ከሥሩ ያሉት ሴቲንጎች ለሌላው ሰው ይጠፋሉ። በዚህ አኳኋን ሰርቨሩ በየ30 ሰከንዱ በተመሰጠረው መስመር ውስጥ «አለህ?» ይላል፤ 3 ጊዜ መልስ ካጣ ሴሽኑን ይጥላል፣ ፖርቱም በ90 ሰከንድ ገደማ ነጻ ይወጣል።

ፓይዋ ላይ ደግሞ፦

ኤግዚት ኦን ፎርዋርድ ፌይለር የስ
ሰርቨር አላይቭ ኢንተርቫል 30
ሰርቨር አላይቭ ካውንት ማክስ 3
ባች ሞድ የስ

ዋናዋ የመጀመሪያዋ ናት፦ ፖርቱን ማግኘት ካልቻልክ ሙት ማለት ነው። ሲሞት ሲስተምዲ ያነሳዋል፣ ፖርቱ እስኪለቀቅ ድረስ ደጋግሞ ይሞክራል። ከገባች በኋላ ሎጉ ላይ «ወርኒንግ» የነበረው «ኤረር» ይሆናል፤ አትደንግጥ፣ የምንፈልገው እሱን ነው።

ግን እዚህ ላይ ብቻ ካቆምክ ከበፊቱ የባሰ ልታገኝ ትችላለህ። ሲስተምዲ የወደቀን ሰርቪስ የሚያነሳው በዲፎልት ከ100 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ካስነሳው በኋላ ደግሞ «ስታርት ሪኩዌስት ሪፒትድ ቱ ኩዊክሊ» ብሎ ይተወዋል። «ኦልዌይስ» ያልከው አያድነውም። መብራት ሲመለስ ፓይዋና ራውተሩ እኩል ነው የሚነሱት፤ ራውተሩ ኔትወርክ እስኪይዝ ድረስ የሰርቨሩ ስም ወደ አድራሻ ስለማይፈታ ኮማንዱ በቅጽበት ይወድቃል። አምስቱ ዕድል ዓይንህን ሳትጨፍን ያልቃል። ስለዚህ በ«ሰርቪስ» ክፍል «ሪስታርት ሴክ=15»፣ በ«ዩኒት» ክፍል «ስታርት ሊሚት ኢንተርቫል ሴክ=0» ጨምር። ሁለተኛዋ ክፍሏ «ዩኒት» ነው፤ «ሰርቪስ» ሥር ብታስቀምጣት ሲስተምዲ ሎግ ላይ አጉረምርሞ ያልፋታል።

ሰርቨሩን ሪሎድ ከማድረግህ በፊት በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) «ኤስኤስኤችዲ -ትንሹ ቲ» በል፤ ፋይሉ ደህና ከሆነ ምንም አይልም። አሁን የገባህበትን መስኮት ሳትዘጋ በሌላ መስኮት ገብተህ አረጋግጥ።

---

ሩት አይደለሁም

ዓባይ ሼል ባለው ላይ ጥቂት ነገር።

ሪሎድ ስታደርግ አዲሱ ሴቲንግ የሚይዘው ከዚያ በኋላ የሚገቡትን ብቻ ነው። አሁን ፖርቱን ይዞ ያለው የሞተ ሴሽን በአሮጌው ሕግ ይቀጥላል፤ በእጅ ግደለው። ሰርቨሩ ላይ በሱዶ «ኤስኤስ -ቲኤልኤንፒ» ብለህ 22022 ያለባትን መስመር ፈልግ፤ ከጎኑ የፕሮሰሱ ቁጥር አለ፣ «ኪል» ቁጥሩን። ዋናውን ኤስኤስኤችዲ እንዳትገድል፤ እሱ 22 ላይ የሚያዳምጠው ነው።

«ቆይቼ ስሞክር» ያልከው ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት መጠበቅ የለበትም። በሞተው ፖርት ልትገባ ስትሞክር ሰርቨሩ ወደ ፓይዋ የሚልከው ነገር ያገኛል። የተላከ መረጃ መልስ ሲያጣ የኪፕ አላይቩ ሰዓት ቀርቶ የድጋሚ መላኪያው ሰዓት ይሠራል፦ ከርነሉ በዲፎልት 15 ጊዜ እየደጋገመ፣ ልዩነቱን እያሰፋ ይልክና ከ15 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ይዘጋዋል። ስለዚህ አንድ ቀን በ20 ደቂቃ፣ ሌላ ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ «ሪፊውዝድ» ካየህ የኔትወርክ ምስጢር አይደለም፤ ልዩነቱ ማንኳኳትህና አለማንኳኳትህ ነው።

አውቶኤስኤስኤች? አያስፈልግህም። ሥራው የወደቀን ኤስኤስኤች ማስነሳት ነው፣ እሱን ሲስተምዲ እየሠራልህ ነው። ሁለት ጠባቂ አንዱ በሌላው ላይ ከቆመ ማን እንዳስነሳና ማን እንደጣለ ሎጉ ላይ መለየት ያስቸግራል።

ኢንተርቫሉን ወደ 5 ማውረድ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። በ4ጂ ላይ 5 በ3 ማለት 15 ሰከንድ ነው፤ የክረምት ዝናብ ሲግናሉን ባንገላታው ቁጥር ጤነኛውን ታነል ራስህ ታፈርሰዋለህ። በ30 ሰከንድ ሲሆን የዳታ ወጪው በቀን 1 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ለሲም ካርዱ ጥቅል ምንም ማለት አይደለም። ከዚያ አብልጦ ማራራቅም አልመክርም፤ የሞባይል ኔትወርኮች ዝም ያለን ኮኔክሽን ከመዝገባቸው ቶሎ ይፍቁታል፣ ያኔ ሁለቱም ወገን በሕይወት እያለ መሃሉ ይቆረጣል።

---

የጣና ንፋስ

ወንድሞቼ እግዜር ይስጥልኝ። የሁለታችሁንም አስገብቼ፣ እዚያ ያለው ሰው ሶኬቱን ነቅሎ ሲመልሰው ከሁለት ደቂቃ ብዙም ሳትርቅ ተመለሰች።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ፓይዋ ላይ ያለው ቁልፍ ፓስፍሬዝ (ቁልፉን የሚከፍት የይለፍ ሐረግ) የለውም፤ ብቻዋን ስለምትነሳ ሊኖረውም አይችልም። ሳጥኗ ደግሞ ሜዳ ላይ ናት፣ ቢወስዷትስ? ሁለተኛ፣ ኤስዲ ካርዷ ተቀይሮ እንደ አዲስ ስለተጫነች ላፕቶፔ «ሪሞት ሆስት አይደንቲፊኬሽን ሃዝ ቼንጅድ» ብሎ አላስገባም አለኝ። አንድ ወዳጄ «ስትሪክት ሆስት ኪ ቼኪንግ ኖ በለው» ይላል።

---

እመቤት ተርሚናል

ወዳጅህን አትስማው። ያ ሴቲንግ ማስጠንቀቂያውን ሳይሆን ማጣሪያውን ነው የሚያነሳው፤ ነገ በመሃል ሌላ ማሽን ቢቆም የሚያግድህ የለም። ካርዱ ተቀይሮ ከሆነ የሆስት ቁልፉም (ማሽኗ ማንነቷን የምታሳይበት) አዲስ ነው፣ ማስጠንቀቂያው ትክክል ነው። ስክሪን ሰክቶ የሚያየው ሰው ፓይዋ ላይ «ኤስኤስኤች-ኪጄን -ኤልኤፍ» ብሎ ከኢቲሲ ሥር ያለውን የኢዲ25519 ሆስት ቁልፍ (መጨረሻው «ነጥብ ፐብ» የሆነውን) ያስነብብህ። በ«ሻ256» የሚጀምር ጽሑፍ ይወጣል። ላፕቶፕህ ማስጠንቀቂያው ውስጥ ከሚያሳይህ ጋር ፊደል በፊደል በስልክ አስተያዩት። ከገጠመ «ኤስኤስኤች-ኪጄን -ትልቁ አር [ሎካልሆስት]:22022» ብለህ አሮጌውን ሰርዝና ግባ።

አሁን ወደ ቁልፉ። ፓስፍሬዝ የሌለው ቁልፍ ሜዳ ላይ መቀመጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ቁልፉ ቢሰረቅ ምንም የማይረባ እንዲሆን አድርገው። «ታነል» የሚባለው ዩዘር ሼሉ «ኖሎጊን» ይሁን፤ -ትልቁ ኤን ኮማንድ ስለማያስኬድ ታነሉ ሼል አይፈልግም። ሰርቨሩ ላይ በዚያ ዩዘር «ኦተራይዝድ ኪስ» ፋይል ውስጥ፣ ከቁልፉ በፊት፣ በዚያው መስመር ላይ ይህን ጨምር፦

ሪስትሪክት,ፖርት-ፎርዋርዲንግ,ፐርሚትሊስን="ሎካልሆስት:22022"

ኮማ ካለ በኋላ ክፍተት አታድርግ፤ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ይበላሻል። «ሪስትሪክት» ሁሉንም ይዘጋል፣ «ፖርት-ፎርዋርዲንግ» አንዱን ይመልሳል፣ «ፐርሚትሊስን» (ከኦፕንኤስኤስኤች 7.8 ጀምሮ ያለ) ከ22022 ውጪ ሌላ ፖርት እንዳይይዝ ያስራል። ይህም ሆኖ አንድ ቀዳዳ ይቀራል፦ «ፖርት-ፎርዋርዲንግ» ሁለቱንም አቅጣጫ ነው የሚፈቅደው፤ ቁልፉን የወሰደ ሰው በ-ትልቁ ኤል በአንተ ሰርቨር በኩል ወደፈለገበት መውጣት ይችላል። ዓባይ ሼል በሰጠህ «ማች» ሥር «አላው ቲሲፒ ፎርዋርዲንግ ሪሞት» ብለህ ድፈነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይችን ነው።

«ጌትዌይ ፖርትስ»ን እንዳትነካው። በዲፎልት «ኖ» ስለሆነ 22022 የሚከፈተው ሰርቨሩ ውስጥ ለሎካልሆስት ብቻ ነው፤ «የስ» ካልከው ፓይዋን ለዓለም ሁሉ አሰጣሃት ማለት ነው። ከባሕር ዳር ስትገባም መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ገብተህ ከዚያ ሌላ ኤስኤስኤች አትክፈት፣ በ-ትልቁ ኤ የተጻፈ መመሪያም አትከተል፤ «-ትልቁ ጄ» አለልህ፦

ኤስኤስኤች -ትልቁ ጄ እኔ@ሰርቨር -ትንሹ ፒ 22022 ፓይ@ሎካልሆስት

በዚህ መንገድ ምስጠራው ከላፕቶፕህ እስከ ዘጌ ድረስ አንድ ነው፤ ሰርቨሩ የሚያሳልፈው የተመሰጠረ ነገር ብቻ ነው፣ የአንተም ቁልፍ ከላፕቶፕህ አይወጣም። በ-ትልቁ ኤ ኤጀንትህን (ቁልፍህን ይዞ የሚያቀርብልህን ፕሮግራም) ይዘህ ከገባህ ግን ሰርቨሩ ላይ ሩት (የአስተዳዳሪ ሥልጣን) የያዘ ሁሉ አንተ እስካለህ ድረስ በቁልፍህ መጠቀም ይችላል። ላፕቶፕህ ላይ በኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይል «ሆስት ዘጌ» ብለህ «ሆስትኔም»፣ «ፖርት»፣ «ፕሮክሲ ጃምፕ» ካሰፈርክ በኋላ «ሆስት ኪ ኤልያስ ዘጌ» ጨምርበት። ነገ ጎርጎራ ላይ ሁለተኛ ሳጥን ብታቆም ሁለቱም «ሎካልሆስት» ስለሆኑ እንዳይምታቱ።

ሳጥኗ ከተወሰደች ያቺን መስመር ከ«ኦተራይዝድ ኪስ» ታጠፋለህ። መስመሩን ማጥፋት ግን የገባን ሴሽን አያስወጣም፤ «ሩት አይደለሁም» በነገረህ ዘዴ ግደለው።

ሌላው፣ ፓስወርድ ዘግቻለሁ ብለህ ከሆነ አረጋግጥ። ብዙ የኪራይ ሰርቨሮች «ኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ ነጥብ ዲ» ፎልደር ውስጥ በ50 የሚጀምር የክላውድ-ኢኒት (የኪራይ ሰርቨርን መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ፋይል ይዘው ይመጣሉ፤ ውስጡ «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን የስ» ሊኖር ይችላል። ያ ፎልደር ከዋናው ፋይል አናት ላይ ስለሚነበብና መጀመሪያ የተነበበው ስለሚያሸንፍ፣ አንተ ከታች የጻፍከው «ኖ» ከንቱ ነው። በሱዶ «ኤስኤስኤችዲ -ትልቁ ቲ» በል፤ የሚያሳይህ የጻፍከውን ሳይሆን እየሠራ ያለውን ነው። ትንሹ ቲ ይፈትሻል፣ ትልቁ ቲ ይናገራል።

---

የጣና ንፋስ

እመቤት፣ እጅሽ ይባረክ። እንዳልሽው ትልቁ ቲ «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን የስ» ነው ያለኝ፤ ፋይሉን አስተካክያለሁ። የዋየርጋርዱን ነገር የሚያውቅ ካለ?

---

ደልጊ ወደብ

ዋየርጋርድ ከሊኑክስ 5.6 (2020) ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ፤ የአንተ ዓይነት «የሞተ ሴሽን ፖርት ያዘ» የሚባል ነገር የለበትም። በዩዲፒ (ኮኔክሽን ሳይከፍት መረጃ የሚልክ ፕሮቶኮል) ነው የሚሄደው፣ «ፐርሲስተንት ኪፕ አላይቭ 25» ፓይዋ በኩል ካደረግህ ከሲሙ ኔትወርክ ጀርባም ሆና ትገኛለች። ለአንድ ሳጥን ግን አሁን ከሠራልህ ባትነካው እመርጣለሁ። ሦስትና አራት ሲሆኑ ዙር።

ስትዞር ግን ሰዓቱን አስብበት። ራዝበሪ ፓይ 4 በባትሪ የሚሄድ ሰዓት የላትም። ስትነሳ የምታነበው ዲስክ ላይ በየጊዜው የሚቀመጠውን ነው፤ መብራት ድንገት ከጠፋ፣ ከጠፋበት ጊዜ እስከ አንድ ሰዓት ወደኋላ ልትቀር ትችላለች። ለኤስኤስኤች ተራ ቁልፍ ሰዓት ግድ አይሰጠውም። ዋየርጋርድ ግን መግቢያ መልእክቱ ላይ ሰዓት ይጽፋል፣ ተቀባዩም ካሁን ቀደም ካየው የቆየ ከሆነ የድሮ መልእክት በድጋሚ ተላከ ብሎ ይጥለዋል። ሰዓቷ በኢንተርኔት እስኪስተካከል ድረስ ሰርቨሩ አይመልስላትም። ትራፊኩን ሁሉ በዋየርጋርድ ካሳለፍከው («አላውድ አይፒስ 0.0.0.0/0») ደግሞ ቆልፎ ይይዝሃል፦ ሰዓቱን ለማስተካከል ታነሉ ያስፈልጋል፣ ለታነሉ ሰዓቱ። «አላውድ አይፒስ» የሰርቨሩን የውስጥ አድራሻ ብቻ ይያዝ፤ እንደ 10.8.0.1/32።

ከዚህ ሁሉ የዲኤስ3231 ሰዓት ሞጁል ብትገጥምላት ይሻላል። አራት ሽቦ ነው፦ 3.3 ቮልት፣ ግራውንድ፣ ኤስዲኤ፣ ኤስሲኤል። ቡት ኮንፊጉ ላይ የ«አይቱሲ-አርቲሲ» ኦቨርሌይን በ«ዲኤስ3231» ታበራለህ። ሰዓቱ ለታነሉ ብቻም አይደለም፤ መብራት ከተመለሰ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ንባቦችህ አሁን በተሳሳተ ሰዓት ነው የሚመዘገቡት፣ የውሃ ከፍታውን ከዝናብ ጋር የሚያስተያይ ሰው ግራ ይጋባል። ፋይሉ ላይም በዩቲሲ ጻፍ።

---

ሩት አይደለሁም

ከባሕር ዳር በኩል መስመሩ ሲቆረጥ ተርሚናልህ ደርቆ ከቀረ መስኮቱን አትዝጋ፤ ኢንተር፣ ከዚያ ቲልዳ፣ ከዚያ ነጥብ (~.) ስትል ኤስኤስኤች ራሱ ይወጣል። ረጅም ሥራ ካለህ ፓይዋ ላይ በ«ቲሙክስ» (መስመሩ ቢቆረጥም ሥራውን ይዞ በሚቆይ ፕሮግራም) ውስጥ ጀምረው፤ ስትመለስ «ቲሙክስ አታች» ብለህ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። ሞሽ (ሌላ የርቀት መግቢያ ፕሮግራም) የሚሉህም አሉ፤ ሞሽ በዩዲፒ ስለሚሄድ በዚህ ታነል አያልፍም። ፋይል ስታወርድ በኤስሲፒ ፈንታ «አርሲንክ --ፓርሻል» ተጠቀም፤ መሃል ላይ ቢቆረጥ የወረደው ይተርፋል።

---

የጣና ንፋስ

ቲልዳዋን ሞከርኳት፣ ዝም ብላ ስክሪኑ ላይ ትጻፋለች እንጂ አትወጣም።

---

ሩት አይደለሁም

ከኢንተር ቀጥሎ የመጀመሪያዋ ፊደል ካልሆነች ኤስኤስኤች አይሰማትም፤ በመሃል አንድ ፊደል እንኳ ተጭነህ ከሆነ እንደገና ኢንተር በል። ኪቦርድህ አማርኛ ላይ ከሆነም ወደ እንግሊዝኛው መልሰው። ኤስኤስኤች ውስጥ ሌላ ኤስኤስኤች ከፍተህ ከሆነ ደግሞ አንዲት ቲልዳ የምትዘጋው የውጭኛውን ነው፤ የውስጠኛውን ለመዝጋት ሁለት ቲልዳና ነጥብ (~~.) ነው። በ-ትልቁ ጄ ከገባህ አንዷ ትበቃለች።